ሃርድዉድ ሁሉ ጠንካራ እንጨት አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ጣውላ መሸጫ ገብታችሁ «ፖፕላር» የሚባለውን እንጨት ብትጠይቁ፣ ከሃርድዉዶቹ (ቃል በቃል «ጠንካራ እንጨት») መደርደሪያ አውጥተው ያሳዩዋችኋል። በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጫን ስትሉት ግን ጎድጎድ ይላል። ታዲያ ጥንካሬው የታለ?

ሃርድዉድ የሚለው ስም ስለ ጥንካሬ አያወራም። የሚያወራው ስለ ዛፉ ዘር ነው። አበባ የሚያብብ፣ ብዙውን ጊዜ ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ እንጨቱ ሃርድዉድ ይባላል። እነ ጥድ ደግሞ ሶፍትዉድ (ቃል በቃል «ለስላሳ እንጨት») ናቸው። ጥንካሬ የሚለካው ጃንካ በሚባል መለኪያ ነው፤ ትንሽ የብረት ኳስ እስከ ግማሿ እንጨቱ ውስጥ ለማስገባት የሚያስፈልገው ኃይል ማለት ነው። ፖፕላር 540 ፓውንድ ገደማ ይበቃዋል። ሎንግሊፍ ፓይን የሚባለው ሶፍትዉድ ግን ወደ 870 ይፈልጋል!

«ፖፕላር» የሚለውም ያሳስታል። ዛፉ የእውነተኛው ፖፕላር ዘር ሳይሆን የማግኖሊያ ቤተሰብ ነው። አበባው ቱሊፕ ስለሚመስል ሙሉ ስሙ ቱሊፕ ፖፕላር ሆነ። የኢንዲያና፣ የኬንታኪና የቴነሲ ግዛቶች መለያ ዛፍ ነው።

የእንጨቱ ልብ (የግንዱ መሃል) አረንጓዴ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፣ አልበሰበሰም። ብርሃን ሲያገኘው ቀስ እያለ ወደ ቡናማ ይሄዳል። እኔ ቀለም ለሚቀባ መደርደሪያ ከሱ የተሻለ አልመርጥም። ለመጋዝም ለመላጊያም ገር ነው። ዝናብ ለሚመታው በረንዳ ግን አይሆንም፣ ቶሎ ይበሰብሳል።