የእንግሊዝኛው "ራን" (run) ማለት ምንድን ነው? ሮጠ ብቻ ነው እንዴ?

ደብረ ብርሃን ላይ ያ ብርድ ሲመጣ አፍንጫው የማይፈስ ልጅ የለም። የእህቴ ልጅ ባለፈው የቤት ስራዋን ይዛ መጥታ "ጋሼ፣ ማይ ኖዝ ኢዝ ራኒንግ ይላል፣ አፍንጫ እንዴት ነው የሚሮጠው?" አለችኝ፣ ደብተሯን ሳየው "ራን = ሮጠ" ብላ በቀይ እስክርቢቶ አስምራበታለች። አልተሳሳተችም፣ ግን በዚች በአንዷ ትርጉም ብቻ ሩቅ አይኬድም።

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺ ቆጥረውለታል። ያን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም፣ አብዛኛው ውስጥ ያለው ሳይቋረጥ መሄድ፣ መፍሰስ የሚለው ነገር ነው፣ ጥንትም ቃሉ ለውሃ ይባል ነበር፣ ጀርመንኛ ውስጥ ያለው ዘመዱ ሪነን እስካሁን መፍሰስ ማለት ነው። ስለዚህ አፍንጫም በረሳ ወንዝም "ራን" ሲያደርጉ ይፈሳሉ እንላለን። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ማሽን ከሆነ ይሰራል፣ ፋብሪካውን ራን የሚያደርግ ሰው ካለ ያስተዳድራል፣ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ይመላለሳል፣ የነጠላው ጥለት ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል። ምርጫ ላይ ደግሞ "ራን ፎር" መወዳደር ነው፣ የሚገርመው እንግሊዞቹ እዚህ ጋ "ስታንድ" ነው የሚሉት፣ አሜሪካ የሚሮጠው እጩ እንግሊዝ ይቆማል ማለት ነው።

እኛም እኮ እንደዚሁ ነን። ትኬት ይቆረጣል፣ የሰርግ ቀን ይቆረጣል፣ ተስፋ ይቆረጣል፣ ሆድም ይቆርጣል፣ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ቆረጠን ከቢላ ጋር ብቻ ካያያዘው ምን ሊገባው ነው?

ልጆች በጣም የሚሳሳቱት "ራን አውት ኦፍ" ላይ ነው፣ አለቀ ማለት መሆኑን ያውቁታል ግን አረፍተ ነገር ስሩ ሲባሉ ይገለብጡታል። በአማርኛ የሚያልቀው ሽሮው ነው፣ እኛ ላይ "አለቀብን" ብሎ ይመጣል፣ በዚህኛው አባባል ግን ባለቤቱ ሰውየው ነው፣ "ብን" የምትለዋ ወጥታ "ዊ" ሆና ፊት ትቀመጣለች። ይሄን ስነግራት ትንሽ አሰበችና "ዊ ራን አውት ኦፍ ሽሮ" ብላ ጻፈች፣ ከዛ "ራን = ሮጠ" ያለችውን ሳትሰርዝ ከጎኑ "ማን ነው ራን ያደረገው?" ብላ ጨመረችበት።