ፋይበር ስለተቆረጠ ዲፈረንሻል ሪሌ ትሪፕ አያደርግም!

የኃይል ማስተላለፊያ መስመር በዲፈረንሻል ሪሌ (የሁለቱን ጫፍ ከረንት አነፃፅሮ ልዩነት ሲያይ ትሪፕ የሚያደርግ፣ ማለትም መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ) በወጣ ቁጥር የሚደወልልኝ ስልክ አንድ አይነት ነው፣ "ፋይበሩ ተቆርጦ ነው አይደል?" የሁለቱን ጫፍ ሪሌዎች የሚያገናኘውን የመገናኛ ገመድ ማለታቸው ነው። ኦፕሬተሩም እንዲህ ይላል አለቃውም እንዲህ ይላል። ከዚህ በኋላ ለሚደውል ሁሉ ይሄንን ነው የምልከው።

"ፋይበር ሲቆረጥ ትሪፕ ያደርጋል።" አያደርግም። የላይን ዲፈረንሻል የዚህን ጫፍ ከረንት ከወዲያኛው ጫፍ ጋር ነው የሚያነፃፅረው፣ የወዲያኛው ዳታ ካልመጣለት ምን ከምን ያነፃፅር? አላርም ያወጣና ራሱን ብሎክ ያደርጋል፣ መስመሩ በዲስታንስ (ብልሽቱ ያለበትን ርቀት ገምቶ በሚቆርጥ መከላከያ) ወይም ባለው ሌላ ባክአፕ ይጠበቃል። አላርሙን ሳምንት ሙሉ አይቶ ዝም ማለት ግን ሌላ ጥፋት ነው።

"አላርም ከሌለ ኮሙኒኬሽኑ ደህና ነው።" ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። የውሸት ትሪፕ የሚመጣው እኮ ፋይበሩ ሲሞት ሳይሆን በህይወት እያለ ነው። ሪሌዎቹ ጂፒኤስ ከሌላቸው ሰዓታቸውን የሚያስማሙት መልዕክት ልከው መልስ በመቀበል ነው፣ ደርሶ መልሱ የፈጀውን ጊዜ ለሁለት ያካፍሉታል፣ መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ብለው አምነው። ቀጥታ ፋይበር ከሆነ እውነትም እኩል ነው። በኤስዲኤች ቀለበት (ዳታው በሁለት አቅጣጫ ሊዞር በሚችልበት የቴሌኮም ኔትወርክ) ከሆነ ግን መሄጃው በአጭሩ መንገድ፣ መመለሻው ሀገር ዞሮ ሊመጣ ይችላል።

አንድ 132 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ያየሁት ይሄው ነው። ቴሌኮሞቹ ሌሊት አንዱን አቅጣጫ ብቻ ወደ ሌላ መንገድ አዙረው ሄዱ፣ ጠዋት ሁሉም ሰላም፣ ማታ ሎድ ሲጨምር ጧ! ሪሌው ተበላሽቷል ተብሎ ሊቀየር ነበር። ሂሳቡን እዩት፦ ልዩነቱ 4 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ሪሌው በግማሹ ማለትም በ2 ሚሊ ሰከንድ ይሳሳታል፣ በ50 ሄርዝ አንድ ሳይክል 20 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ይሄ 36 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ መስመሩ ላይ ምንም ፎልት (ብልሽት) ሳይኖር ከሎዱ 62 በመቶ የሚሆነው ዲፈረንሻል ከረንት መስሎ ይታየዋል። ፒክአፑ (የመቁረጫው መነሻ ገደብ) ከሬትድ ከረንቱ 0.2፣ ስሎፑ (ሎድ ሲጨምር በገደቡ ላይ የሚደመረው ድርሻ) 30 በመቶ ከሆነ፣ ሎዱ ከሲቲው (ከረንቱን ለሪሌው አሳንሶ ከሚሰጠው ትራንስፎርመር) ሬትድ ከረንት 63 በመቶ አካባቢ እስኪያልፍ ዝም ይላል፣ ከዛ ይቆርጣል። ጠዋት ሰላም የነበረው ለዚህ ነው!

መፍትሄው ፒክአፑን ከፍ ማድረግ አይደለም፣ እሱ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ያለውን እውነተኛ ፎልት እንዳያይ ማሳወር ነው። ቀጥታ ፋይበር ከተገኘ ተጠቀሙ፣ ካልተገኘ ቴሌኮሞቹ መንገድ ሲቀይሩ ሁለቱንም አቅጣጫ አብረው እንዲያዞሩ አስገድዱ፣ ጂፒኤስ ካለ አገናኙት። የቴሌኮም ስራ በተሰራ ቁጥር ደግሞ መስመሩ ሎድ ላይ እያለ ሪሌው ስክሪን ላይ ዲፈረንሻል ከረንቱን እዩ፣ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ባዶ መስመር ላይ አይታችሁ "ቼክ አርገናል" እንዳትሉኝ፣ የሲቲ ፖላሪቲ ቢገለበጥ እንኳ ያለ ሎድ አይታይም።

"ዜሮ አካባቢ ካልሆነ ሁሌም ስህተት አለ።" ይሄም አይደለም። ከህዳሴ ግድብ በዴዴሳ ሆለታ እንደሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት ያለ ረጅም መስመር ቻርጂንግ ከረንቱ (መስመሩ ራሱ እንደ ካፓሲተር የሚወስደው ከረንት) ብቻ በኪሎ ሜትር 1 አምፒር አካባቢ ነው፣ ሪሌው በቮልቴጅ ካላካካሰው ሴቲንጉ ከዛ በላይ መሆን አለበት።

"የሁለቱ ጫፍ የሲቲ ሬሾ አንድ መሆን አለበት።" ለዲጂታል ሪሌ ግዴታ አይደለም፣ ማስተካከያ ቁጥር ይገባለታል። ሲቲው እንዴት እንደሚሳቹሬት (ከረንቱ ሲበዛበት ጠግቦ ልኬቱ እንዴት እንደሚዛባ) ግን ያስጨንቃችሁ።

"ዲፈረንሻል ካለ ሌላ ፕሮቴክሽን ለምኔ?" የሚያየው ከሲቲ እስከ ሲቲ ነው፣ ከሲቲው ባሻገር ባስባሩ (መስመሮቹ የሚገናኙበት የጣቢያው ዋና ማገናኛ) ላይ ቢቃጠል አያገባውም።

"ትሪፕ ካደረገ ሪሴት አርጎ መዝጋት ነው።" መጀመሪያ ሪሌው በትሪፑ ሰዓት የመዘገበውን ሪከርድ አውርዱ። ከሁለቱም ጫፍ! የአንዱን ብቻ ልኮ "ምን ሆኖ ነው?" የሚለኝ ሰው መልስ አይጠብቅ።