ተንደርበርድ ከአፕዴት በኋላ አልሰራ ሲላችሁ፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

ማታ ደህና አመሸ። ጠዋት ተንደርበርድን (ኮምፒውተር ላይ ኢሜይል የምናነብበትና የምንልክበት ፕሮግራም) ስትከፍቱት አፕዴት ተደርጓል፤ ኢሜይሎቹ የሉም ወይም ፓስወርዱን አልቀበልም ይላል። ደንግጦ የሚወሰደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ከአፕዴቱ ይልቅ ይጎዳል። ሊተርፍ የሚችል የዓመታት ደብዳቤ በጥድፊያ ሲጠፋ በጣም ያሳዝነኛል።

«ኢሜይሎቼ በሙሉ ጠፉ።»
አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም። ተንደርበርድ ኢሜይሎችን የሚያስቀምጠው ከፕሮግራሙ ለይቶ፣ ፕሮፋይል በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። አንዳንዴ ከአፕዴት በኋላ አዲስ ባዶ ፕሮፋይል ይከፍታል። የድሮው ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። ከማንኛውም ሙከራ በፊት ተንደርበርድን ዝጉና ያንን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

«አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው፤ ካልሆነም ፎርማት።»
እኛ ጋ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ስትሄዱ ቶሎ የሚመጣው መልስ ይሄ ነው። ፕሮግራሙን ማጥፋት ፕሮፋይሉን ስለማይነካው ችግሩ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ፎርማት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አካውንታችሁ አይማፕ (IMAP፣ ደብዳቤው ሰርቨር ማለትም የኢሜይል አገልግሎቱ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት አሠራር) ከሆነ ደብዳቤዎቹ እዚያው ስላሉ ተመልሰው ይወርዳሉ። ፖፕ (POP፣ ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተራችሁ የሚያወርድ አሠራር) ከሆነስ? ያኔ ያላችሁ ብቸኛ ቅጂ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ሊሆን ይችላል። ተንደርበርድ ካልቀየራችሁት በቀር የወረደውን ደብዳቤ ሰርቨሩ ላይ የሚያቆየው ለ14 ቀን ነው። ባክአፕ ሳይያዝ ፎርማት ከተደረገ በኋላ «መልሱልኝ» ቢባል የሚመልስ የለም። እባካችሁ ባለሙያው ኮምፒውተሩን ከመንካቱ በፊት ይህን ንገሩት።

ወደ ድሮው ቨርዥን መመለስም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አዲሱ ቨርዥን የተጠቀመበትን ፕሮፋይል አሮጌው አልከፍትም ይላል።

«ፓስወርዴ ተሰርቋል።»
ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የመግቢያ ዘዴውን እዩ። ጉግል ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለግል ጂሜይል የድሮውን በተለመደው ፓስወርድ ብቻ መግባት ከልክሏል። ማይክሮሶፍትም ለግል አውትሉክና ሆትሜይል በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። መፍትሔው የአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የመግቢያ ዘዴውን «ኦ-ኦዝ 2» (OAuth2፣ ፓስወርዱን በኢሜይል አገልግሎቱ በራሱ መግቢያ ገጽ ላይ የምታስገቡበት ዘዴ) ማድረግ ነው። የሚላክበት ሰርቨር ለብቻው እንደሚስተካከል አትርሱ። ደብዳቤ እየገባላችሁ መላክ ብቻ ካቃታችሁ እሱን ፈትሹ።

«ስልክ ደውዬ ላናግራቸው።»
ተንደርበርድ የስልክ ድጋፍ የለውም። በነፃ የሚረዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ እነሱም በጽሑፍ ነው። ኢንተርኔት ላይ «የተንደርበርድ ድጋፍ» ተብሎ የምታገኙት ስልክ ቁጥር የአጭበርባሪ ነው። ኮምፒውተራችሁን ከርቀት ልክፈት፣ ከዚያ ክፈሉ ይላችኋል። አትደውሉ።

«‹አልሰራም› ብዬ ብጽፍ ይገባቸዋል።»
አይገባቸውም። የተንደርበርዱን ቨርዥን፣ ዊንዶውስ ይሁን ሌላ፣ የኢሜይል አገልግሎቱ የማን እንደሆነ (ለምሳሌ ጂሜይል ወይም አውትሉክ)፣ አይማፕ ወይም ፖፕ መሆኑን ጻፉ። የወጣውን የስህተት መልእክት ቃል በቃል ገልብጡ። ስክሪንሾት ላይ የኢሜይል አድራሻችሁን ሸፍኑ፤ ፓስወርድ ለማንም አትስጡ። ከመጠየቃችሁ በፊትም «ሄልፕ» ከሚለው ሜኑ ተንደርበርድን በትራብልሹት ሞድ (አድ-ኦን የሚባሉትን ተጨማሪ መሣሪያዎች አጥፍቶ በሚከፍተው የመፈተሻ ዘዴ) ክፈቱት። እዚያ በደንብ ከሰራ፣ ጥፋቱ ምናልባት የጨመራችሁት አንድ አድ-ኦን ነው።