የሰፈራችን ሰላም በማን ብር ይጠበቃል? ስለ ፍትሕና ፀጥታ በጀት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ ሲደርስ ወረዳዎች ያለቀውን ዓመት በጀት ይዘጋሉ፣ የሚመጣውንም ያሰላሉ። በዞናችን በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲናም፣ በመሐል ሜዳም፣ በአረርቲም፣ በዓለም ከተማም ያው ነው። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ስንት እንደደረሳቸው የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ፖሊስ ጣቢያው ወይም ፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ስንት እንዳገኘ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። አንዱ ምክንያት ስለዚህ ገንዘብ በየቡና ቤቱና በየለቅሶው የሚወራው ብዙ ነገር ስህተት መሆኑ ነው።

«የፀጥታ ብር ከፌዴራል ነው የሚመጣው፤ እኛን አይመለከትም»

ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ በጣም የሚጎዳንም እሱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ ማቋቋምንና መምራትን፣ የክልሉን ሰላም ማስጠበቅንም ለክልል ሰጥቷል። በእርግጥ ከብሩ ብዙው የሚነሳው ከላይ ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፤ ማከፋፈያ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ የራሱን ገቢ ጨምሮ ለወረዳዎች ያካፍላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህ ድርሻ ወረዳ የሚደርሰው በጥቅል ነው። ብሎክ ግራንት የሚሉት ይህን ነው። «ይህ ለፀጥታ፣ ያ ለትምህርት» ተብሎ ከላይ ተቆርጦ አይመጣም። ወረዳው ራሱ ከሚሰበስበው ጋር ተደምሮ የሚደለደለው እዚያው፣ እኛ በመረጥነው የወረዳ ምክር ቤት ነው።

ከተደለደለው ውስጥ ትልቁን ክፍል ደመወዝ ይወስደዋል። የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ የሚባለው ነው። ነዳጅ፣ ወረቀት፣ የውሎ አበል፣ የመኪና ጥገና ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ሌሊት ከብት ተነድቶበት ለጮኸ ገበሬ ቶሎ መድረስ አለመድረሱ በዚህች ቀጭን መስመር ላይ ነው የሚወሰነው። የመርሐ ቤቴን የጀማ ሸለቆ፣ ወይም ከአንኮበር ወደ አፋር የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በአገራችን አቀማመጥ ነዳጅ የሌለው መኪና ከሌለ መኪና አይሻልም። ስለዚህ በእኔ እምነት ለምክር ቤት አባላት መቅረብ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፖሊስ አለን?» አይደለም። «ለነዳጅና ለጥገና ስንት ያዛችሁ?» ነው።

«ፖሊስ እንዲመጣልኝ ነዳጁን እኔ መቅዳት አለብኝ»

የለብህም። አቤቱታ መቀበልና ወንጀልን መመርመር የፖሊስ ግዴታ ነው፤ ዋጋ የወጣለት አገልግሎት አይደለም። ተበዳይ መኪና ተከራይቶ መርማሪ የሚያመላልስ ከሆነ፣ ገንዘብ የሌለው ተበዳይ ቀድሞውኑ ተሸንፏል። እውነት ነው፣ ጣቢያዎች በጀት ያጥራቸዋል። ይህን ማንም አይክድም። ግን የጎደለውን መሙላት ያለበት በጀት ያጸደቀው አካል ነው እንጂ በሬው የተሰረቀበት ሰው አይደለም።

«መዋጮ ካዋጣን፣ ሮንድ ከወጣን የመንግሥት ድርሻ አለቀ»

ማኅበረሰቡ ሰላሙን በጋራ መጠበቁ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ አውጫጭኝ ነበር። ሌባው እስኪታወቅ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ይውል ነበር። ዛሬም ሮንድ አለ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ምክክር አለ። ይህ ሁሉ ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን በጀትን ያግዛል እንጂ አይተካም። ነዋሪው ተስማምቶ የሚያዋጣው ብርም ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ምን ላይ እንደዋለም ይነገረው። ደረሰኝ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይደለም። እንዲያውም ብሩን በታማኝነት የያዘውን ሰው ከሐሜት የሚያድነው ደረሰኙ ነው።

«ገንዘብ ከሌለህ ጠበቃ የለህም»

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ሌላ ነው የሚለው። የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ ያቆምለታል። ተከላካይ ጠበቃ የሚባሉት ደመወዛቸው የሚከፈለው ከዚሁ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ይህን ሳያውቅ ብቻውን ችሎት የሚቆም ብዙ ምስኪን አለ፤ ያሳዝናል። ዘመድ ተከሶባችሁ አቅም ከሌለ፣ ችሎት ሲቀርብ ጠበቃ እንዲቆምለት ዳኛውን ይጠይቅ። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የመስጠት ልምድ አላቸው።

«የዋስትናና የቅጣት ብር ጣቢያው ይከፋፈለዋል»

በሕጉ አይደለም። የገንዘብ ቅጣት የመንግሥት ገቢ ነው፤ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል። ዋስትና ደግሞ ማስያዣ ነው። ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ ጉዳዩ ሲያልቅ፣ ቢፈረድበትም እንኳ ያስያዘው ገንዘብ ይመለስለታል። ደረሰኙን አስቀምጡ። «አንዴ ገብቷል፣ አይመለስም» ብለው ሳይጠይቁ የሚቀሩ ሰዎች የገዛ ብራቸውን ነው የሚተዉት።

«ሽማግሌ እያለ ለፍርድ ቤት ብር ማውጣት ለምን?»

ሽምግልናን የሚንቅ ሰው እኛን አያውቀንም። በቀል እንዳይቀጥል ደም ያደረቁ፣ ባላንጣ ያስታረቁ ሽማግሌዎች ውለታቸው ብዙ ነው። ግን የሚችሉትና የማይችሉት አለ። አንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ፈቅዷል። የሰው ሕይወት ከጠፋ ወይም ልጅ ከተደፈረች ግን በእርቅ የሚዘጋ ፋይል የለም። በተለይ በመድፈር ጉዳይ እርቁ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው አጥፊውን ነው። የልጅቷን አፍ ይዘጋል። ለዚህ ነው መርማሪና ዐቃቤ ሕግ በቂ በጀት ያስፈልጋቸዋል የምለው።

«ሁሉንም የሚከፍለው ወረዳው ነው»

ይህ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የሚወስነው በአንቀጽ 79 መሠረት የክልሉ ምክር ቤት ነው። የሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ደግሞ የፌዴራል ነው፤ ስለ ወጪው የቀወት ወረዳን መጠየቅ ያለቦታው መጠየቅ ነው።

«የውጭ ርዳታ የሚያገኝ ድርጅት በፍትሕ ሥራ አይገባም»

ይህኛው በአንድ ወቅት እውነት ነበር። አዋጅ 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት፣ በግጭት አፈታትና በፍትሕ አገልግሎት ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። ብዙዎቹ ሥራቸውን ቀየሩ ወይም ዘጉ። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ 1113 ያንን ክልከላ አንስቷል። ዛሬ የተመዘገበ ድርጅት ርዳታ አፈላልጎ ነፃ የሕግ ምክር መስጠት፣ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችም ማረፊያ መክፈት ይችላል። አጣዬና አካባቢዋ በ2013 ዓ.ም ካዩት ቃጠሎ በኋላ የዚህ ዓይነት ድጋፍ ለዞናችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መናገር አያሻም።

«በጀት የባለሥልጣን ምስጢር ነው»

አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አዋጅ 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። የወረዳ በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍም ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ነው። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ወደ ወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሂዱና የሚሊሻ፣ የፍትሕ፣ የሰላምና ደህንነት ጽሕፈት ቤቶችን ድርሻ በየስሙ ጠይቁ፤ ደመወዙን ለብቻ፣ ሥራ ማስኬጃውን ለብቻ እንዲነግሯችሁ።