ፍሪትዝ ለምን አልተመለሰም? በቴኒስ ተተኪዎች ላይ የሚባሉና እውነታው

ለገጣፎ እኛ ሰፈር ያለው ካፌ ቴኒስ የሚከፍተው ኳስ በሌለ ቀን ነው። ክርክሩ ግን ያው ነው፤ ሕጉን ሁሉም ከሰፈር እግር ኳስ ይቀዳል።

«ናዳል ከወጣ እሱ ያሸነፈው ልጅ ይግባ!»

ይህ የተባለው በ2022ቱ ዊምብልደን (እ.ኤ.አ.) ነው። ራፋኤል ናዳል በሩብ ፍጻሜው ቴይለር ፍሪትዝን ከአራት ሰዓት በላይ ታግሎ ካሸነፈ በኋላ በሆድ ጡንቻ ጉዳት ራሱን አገለለ። ፍሪትዝ ግን አልተጠራም። የግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚው ኒክ ኪርጂዮስ ራኬት ሳያነሳ ፍጻሜ ገባ፤ እኛ ፎርፌ የምንለው ነው። ተተኪ የሚገባው የወጣው ሰው የመጀመሪያ ጨዋታውን ሳይጀምር ብቻ ነው። ያ ባይሆን የተሸነፈ ሁሉ ሆቴሉን ሳይለቅ የሰው ሕመም ሲጠብቅ ይከርም ነበር።

«ተተኪው የወጣው ኮከብ ቦታ ላይ ይቀመጣል»

አንዳንዴ አዎ፣ የመጀመሪያው ቀን መርሐ ግብር ከወጣ በኋላ ከሆነ። ከዚያ በፊት ከሆነ ግን ሰንሰለት ይፈጠራል። በ2017ቱ ዩኤስ ኦፕን ሁለተኛው ሲድ (በደረጃው ምክንያት በድልድሉ ልዩ ቦታ የሚያዝለት ተጫዋች) አንዲ መሪ ድልድሉ በወጣ ማግስት ራሱን አገለለ። አምስተኛው ሲድ ማሪን ቺሊች ወደ አንዲ መሪ ቦታ ሄደ፤ 17ኛው ሳም ኩዌሪ ወደ ቺሊች፤ ፊሊፕ ኮልሽራይበር ወደ ኩዌሪ። በማጣሪያ ተሸንፎ የነበረው ሉካሽ ላችኮ የገባው ኮልሽራይበር በለቀቀው ቦታ ነው። ፌደረርና ናዳል ግን በድልድሉ አንድ ወገን ስለነበሩ ፍጻሜ ላይ ሊገናኙ የማይችሉ ሆነው ቀሩ፤ ለእኔ ይህ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

«ተተኪ ማለት ከቤቱ የተጠራ ነው»

ማጣሪያው ሳይጀመር ከሆነ በደረጃ ቀጣዩ ተራውን ያገኛል። ከተጀመረ በኋላ ግን ዕድሉ በመጨረሻው የማጣሪያ ዙር ለተሸነፉት ነው፤ ስማቸውም «ላኪ ሉዘር»። በግራንድ ስላሞች (በአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች) ከእነሱ መካከል ከፍ ያለ ደረጃ ባላቸው ላይ ዕጣ ይጣላል። ዕጣ ባይኖር፣ ቦታው የእሱ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ተጫዋች ለማጣሪያው ምን አስጨነቀው?

«ላኪ ሉዘር አንድ ዙር ተጫውቶ ይሸኛል»

ኮኮ ጋውፍ በ2019 በኦስትሪያው የሊንዝ ውድድር በማጣሪያ ተሸንፋ፣ ማሪያ ሳካሪ ስትወጣ ገብታ ዋንጫውን ወሰደች። ዕድሜዋ 15 ነበር።

«የወጣ ባዶ እጁን ይሄዳል»

በ2017ቱ ዊምብልደን የጆኮቪችና የፌደረር ተጋጣሚዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ጨዋታ አቋርጠው ሲወጡ ተመልካቹ አኮረፈ። የታመመ ሰው ለገንዘቡ ብሎ ሜዳ እንዳይገባ፣ ከ2018 ጀምሮ በግራንድ ስላሞች ቦታው ድረስ መጥቶ፣ ዋናው ውድድር ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት «አልችልም» ያለ ተጫዋች የመጀመሪያውን ዙር ገንዘብ ግማሽ ያገኛል፤ ቀሪው ለተተኪው ነው።

«ፎርፌም ድል ነው»

ወደ ቀጣዩ ዙር ያሳልፋል እንጂ በድል ቁጥር አይመዘገብም። ተጋጣሚው ጨዋታ ጀምሮ ካቋረጠ ግን፣ አንድ ጌም ብቻ ቢጫወትም፣ ድል ነው።