«አርጅቷል» የምንለው መቼ ነው? ስለ እርጅና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ በቀበሌ፣ በእድር፣ በታክሲና በጤና ጣቢያ በሰው ዕድሜ ላይ በየቀኑ ፍርድ ይሰጣል። አንዱን «ገና ጎልማሳ ነው» እንለዋለን፣ ሌላዋን «እሷማ አሁን አርጅታለች» እንላለን። ነገሩ ተራ ወሬ ይመስላል። ግን ሰውየው ሥራ ይሰጠው ወይስ ይቅርበት፣ ዓይኑ ይታከም ወይስ «ዕድሜው ነው» ተብሎ ይተው፣ በገዛ ቤቱ ጉዳይ ይጠየቅ ወይስ ልጆቹ ይወስኑለት የሚለው ሁሉ የሚያርፈው በዚያች ቃል ላይ ነው። ያቺ ቃል የምትቆምባቸው ብዙዎቹ አመለካከቶች ደግሞ ስሕተት ናቸው።

«60 ዓመት የሞላው ሁሉ አረጋዊ ነው፤ ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው»

60 የአስተዳደር ቁጥር ነው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በአብዛኛው ከ60 ጀምሮ ይቆጥራል፤ የአፍሪካ ኅብረት በ2016 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም እንዲሁ። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን ከ65 ይጀምራሉ። ጃፓን ደግሞ 65 የሞላቸውን ለሁለት ትከፍላለች፤ እስከ 74 ያሉት አንድ ወገን፣ 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ሌላ ወገን ናቸው። ጀርመን በ1889 እ.ኤ.አ. የእርጅና መድን ሕግ ስታወጣ ክፍያው የሚጀምረው በ70 ዓመት ነበር፤ ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የተለወጠው ሕጉ ነው። መስመሩን የሚያሰምሩት የመንግሥት ካዝና፣ የሠራተኛው ብዛትና የፖለቲካ ስምምነት ናቸው።

ቁጥሩ ይሰረዝ ማለቴ አይደለም። ጡረታ ያለ መስመር ሊከፈል አይችልም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አረጋውያንን እንዲንከባከብ ሲያዝም ከአንድ ቦታ ቆጠራ መጀመር ግድ ይላል። ስሕተቱ ለመዝገብ ቤት የተሰመረውን መስመር ወስደን የሰውየው ጉልበትና አእምሮ ላይ ማስመራችን ነው። በጣና ዳር ያለው ብዙ ሰው ደግሞ ያን መስመር ሳያየው ያልፋል። ዓሣ አስጋሪው፣ ገበሬው፣ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚያስረው፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጠው፣ የጡረታ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው መሥሪያ ቤት የላቸውም። ለእነሱ «አርጅተሃል» የሚላቸው ጎረቤትና ልጅ ነው።

«መታወቂያው ላይ የተጻፈው ዕድሜ ትክክለኛው ዕድሜ ነው»

ብዙ ጊዜ አይደለም። በተለይ ከከተማ ውጭ የተወለደ ትልቅ ሰው የተወለደበትን የበዓል ቀን አሳምሮ ያውቀዋል፤ «በኅዳር ሚካኤል»፣ «በጥምቀት ማግሥት» ይላል፤ ዓመቱን ግን አያውቀውም። ቀበሌ ሄዶ ሲጠየቅ «እንግዲህ ስልሳ በለው» ይላል፤ ጸሐፊው ስልሳ ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲህ ያ ግምት ማስረጃ ይሆናል። የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። በቆጠራ ውጤቶቻችን 50፣ 60 እና 70 ዓመት ነኝ ያለው ሰው 49፣ 61 ወይም 72 ነኝ ካለው በእጅጉ ይበልጣል። እንደዚያ በዐሥርና በአምስት እየተሰበሰበ የሚወለድ ሕዝብ የለም።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ይህኛው ብዙ ሰው ይጎዳል። በ1950 ዓ.ም. የተወለደ ሰው እንውሰድ። በ2018 ዓ.ም. 68 ዓመቱ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠርም ቢሰላ ልደቱ 1957 ወይም 1958 ስለሚሆን ዕድሜው ያው ነው። ግን አንድ ሰው ያንን 1950 እንደ ፈረንጅ ዓመት ወስዶ ከ2026 ቢቀንሰው ሰውየው 76 ይሆናል። ሌላው ደግሞ 1958ን ከ2018 ቀንሶ 60 ያደርገዋል። አንድ ሰው በሦስት ወረቀት 60፣ 68 እና 76 ሆነ ማለት ነው። ጡረታ ለማውጣት፣ ፓስፖርት ለማሳደስ ወይም ሐኪም የመድኃኒት መጠን ሲወስን የ8 ዓመት ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ የወላጆቻችሁን ወረቀት ስታወጡ ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው መጻፉን እዩ።

ዓመቱ ጨርሶ ካልታወቀ ደግሞ የተሻለው መንገድ አባቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ በሚታወስ ነገር መለካት። ጣሊያን የገባው በ1928 ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጣሊያን የጦር ካሳ የተተከለው በ1953 አካባቢ ነው። የመሬት ላራሹ አዋጅ በ1967 ወጣ፤ ትልቁ ድርቅ የ77ቱ ነው። እናትን «ፋብሪካው ሲተከል እንስራ ትሸከሚ ነበር ወይስ ገና ትታዘይ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቁጥር ከመገመት የበለጠ ወደ እውነቱ ያስጠጋል።

«ድሮ ሰው በ40 ዓመቱ ያረጅ ነበር»

ይህ የአማካይ ዕድሜን ትርጉም ካለመረዳት የመጣ ነው። ዐሥር ልጆች ተወልደው አራቱ በዓመታቸው ቢሞቱና ስድስቱ 65 ቢደርሱ፣ የዐሥሩ አማካይ ዕድሜ 39 ግድም ይሆናል። ከመካከላቸው ግን በ39 የሞተም ያረጀም የለም። ድሮ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተው የነበረው የሕፃናት ሞት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳየ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ደረሰ። አማካይ ዕድሜያችን ከፍ ካለባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የጥንት ሰዎችም እርጅናን 40 ላይ አላስቀመጡትም። በየማለዳው ዳዊት የሚደግም ሰው የሰው ዘመን 70፣ ቢበረታም 80 መባሉን ያውቃል።

«ሽበት ያወጣ፣ ፊቱ የተጨማደደ አርጅቷል»

ሽበት በአብዛኛው የዘር ነገር ነው። አባቱ በ30ዎቹ የሸበተ ሰው እሱም በዚያው ዕድሜ ቢሸብት ልቡ ወይም ጉልበቱ ደክሟል ማለት አይደለም። በጣም በወጣትነት በድንገት የበዛ ሽበት ግን አንዳንዴ ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም ከእንቅርት ዕጢ ችግር ጋር ስለሚያያዝ መመርመር አይከፋም። ቆዳ ደግሞ ከዓመት ይልቅ ውሎን ይመዘግባል። ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ላይ ፀሐይ ከላይም ከውኃውም የሚያቃጥለው አስጋሪና ቢሮ የሚውል እኩያው ፊታቸው አንድ አይሆንም። በማገዶ ጭስ ዕድሜዋን የፈጀች እናትም እንዲሁ።

«እርጅና ብቻውን አይመጣም»

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አባባሉ የሚነገረው ለማጽናናት ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። ሰው ሲታመም ምክንያቱን መፈለግ ያስቆማል።

ዓይንን እንይ። ከ40 ዓመት በኋላ ዳዊቱን ወይም ስልኩን ከፊት ማራቅ ሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ የዓይን ሌንስ ለውጥ ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ይበቃዋል። «እናቴ አርጅታ ማየት አቆመች» ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ የዓይን ሞራ ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ይህ በቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው፤ ተኝቶ መክረም አይጠይቅም። በክልላችን ትራኮማም አለ፤ የዓይን ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንን የሚፍቅ ከሆነ ሳይዘገይ መታየት አለበት። በልጅ እየተመራች ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት የዓይን ሐኪም ሳያያት «ዕድሜዋ ነው» መባሏ ከልብ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ጆሮም እንዲሁ። መስማት እየቀነሰ የመጣ ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ ሌላ ነገር ይመልሳል፤ ጨዋታ ላይ ዝም ይላል፤ ሰው የሚበዛበት ለቅሶና ድግስ ይሸሻል። ቤተሰቡ «ጃጀ» ይላል። አንዳንዴ የሚገኘው የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ነው።

መርሳትን በተመለከተ ደግሞ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። የሰው ስም ለጊዜው ጠፍቶ ማታ ትዝ ማለቱ የተለመደ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያፈላችውን ቡና ቅደም ተከተሉ ሲጠፋባት፣ ወይም 30 ዓመት ከኖረበት ሰፈር ወደ ቤቱ መመለሻው ሲጠፋው፣ ያ የአንጎል በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመርሳት በሽታ የእርጅና የግድ ውጤት እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል፤ 80 የደረሱ ሰዎችን አብዛኞቹን አይዛቸውም። ከዚህም ሌላ መርሳት የሚመስሉ፣ ግን ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ፤ ድብርት፣ የቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ አብረው የማይስማሙ መድኃኒቶች። የትዳር ጓደኛውን ቀብሮ ከሰው የራቀ ሰው ኀዘን ላይ ነው፤ ያን ጃጀ ማለት ግፍ ነው። ትላንት ደኅና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ቢቀባዥርና ሰው መለየት ቢያቅተው ደግሞ አትጠብቁ። ኢንፌክሽን ወይም የፈሳሽ እጥረት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

«ሴት ልጅ ቶሎ ታረጃለች»

የ50 ዓመት ባልን ጎልማሳ ብለን የ50 ዓመት ሚስትን አሮጊት የምንልበት ምክንያት አንድ ነው፤ የወር አበባዋ ቆሟል። በዓለም ዙሪያ አብዛኛዎቹ ሴቶች ላይ ይህ የሚሆነው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የሚያበቃው መውለድ ነው። ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራሉ፤ ዛሬ በአገራችን 60 የደረሰ ሰው በአማካይ ከ15 ዓመት በላይ ይቀረዋል። ቆብ ጭና ለጸሎት መለየት የፈለገች እናት መንገዷ የተቀደሰ ነው፤ ምርጫው ግን የእሷ ይሁን። ከዚህ ዕድሜ በኋላ አጥንት ቶሎ ስለሚሳሳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የወር አበባ ቆሞ ከዓመት በኋላ ደም ቢታይ ደግሞ «ተመለሰልኝ» ብሎ መተው አይገባም፤ መመርመር የግድ ነው።

«ትልቅ ሰው ማረፍ ነው ያለበት»

ልጆች በፍቅር የሚያደርጉት ነው። «እማዬ አንቺ ቁጭ በይ»፣ «አባዬ እኔ ላምጣው» ይባላል። ጡንቻ ግን ሳይሠራ ሲቀር ይከሳል፤ የከሳ ጡንቻ መውደቅን ያመጣል፤ መውደቅ ደግሞ አልጋ ላይ ያስቀራል። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆኑ ሰዎችን ለ8 ሳምንት ክብደት በማንሳት የእግር ጡንቻቸውን እንዲያጠነክሩ አደረገ፤ የጡንቻቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በጠዋት በሐይቁ ዳር በእግር መሄድ፣ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ ደጋግሞ መነሣት፣ ጓሮ መኮትኮት ለዚህ ይሆናሉ። ልብ ሕመም ወይም መገጣጠሚያ የሚያስቸግረው ሐኪሙን ይጠይቅ።

«ክብር የሚመጣው ከዓመት ነው»

የጣና ገዳማትን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። በ25 ዓመቱ የመነኮሰውን አባት አባ እንለዋለን፤ አባቱ የሚሆኑ ሰዎች የጎልማሳ ቄስ መስቀል ይሳለማሉ። ለእርቅ፣ ለድንበር ክርክር፣ ለደም ማድረቅ የሚመረጡ ሽማግሌዎችም የሚመረጡት በታማኝነታቸውና በንግግራቸው ሚዛን ነው። ከመካከላቸው ገና 45 ያልሞላው አይጠፋም፤ 80 ሆኖ ፈጽሞ የማይጠራም አለ።

«ማን እንዳረጀ የምናውቀው እኛ ነን»

በጀርመን ለብዙ ዓመታት ሰዎችን እየተከታተለ «እርጅና የሚጀምረው በስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ጥናት በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ1911 የተወለዱት 65 ሲሆናቸው «በ71» ብለው ነበር፤ በ1956 የተወለዱት በዚያው ዕድሜ «በ74» አሉ። ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥርም መልሳቸው ወደ ፊት ሄደ። በአገራችንም ከ60 ያለፈ ሰው ብትጠይቁ እርጅናን ከራሱ አሻግሮ ሲያስቀምጠው ትሰማላችሁ። ይህን «አላመነም» ብለን አንናቀው። የገዛ አካሉን ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትገቡ ሐኪሙ ልጁን ሳይሆን አባትየውን ይጠይቅ፤ ልጁም ቀድሞ አይመልስ። የእርሻ መሬት ሲከራይ፣ ቤት ሲሸጥ፣ ውርስ ሲነገር እናትን ጓዳ አስቀምጦ ሳሎን መምከር ተለምዷል፤ ይህ ልማድ ሕግም አይደግፈውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በቀር የራሱን ጉዳይ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይቆጥረዋል፤ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሰውን ከዚያ የሚከለክለውም ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜ መግፋት ብቻውን ችሎታ አያሳጣም። የ80 ዓመት እናት ጤነኛ አእምሮ ይዛ «አልሸጥም» ካለች ቤቱ አይሸጥም።