የተፋላሚ ፐርስ ምንድን ነው? የኤምኤምኤ ሻምፒዮን ገንዘብ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል

ፐርስ ማለት አንድ ተፋላሚ ለአንድ ፍልሚያ በውሉ ላይ የተጻፈለት ክፍያ ነው። ደመወዝ አይደለም፤ ወር ስለሞላ የሚገባ ነገር የለም፣ ያልተፋለመ አይከፈለውም። ሐዋሳ ውስጥ ቴኳንዶ፣ ቦክስና ኪክቦክሲንግ የሚሠሩ ልጆች እሑድ ሊነጋጋ ሲል ዩኤፍሲን (ትልቁን የኤምኤምኤ፣ ማለትም የቅይጥ ማርሻል አርት ፍልሚያ አዘጋጅ ድርጅት) በስልካቸው ይከታተሉና፣ ረፋድ ላይ «ማክግሪገር 3 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ» የሚል ወሬ ይቀባበላሉ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ኮኖር ማክግሪገር እ.ኤ.አ. በ2016 ከኔት ዲያዝ ጋር በድጋሚ ሲገጥም በአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት የተመዘገበለት ፐርስ በትክክል ይኸው ነበር። ነገር ግን በዚህ ቁጥር ላይ የሚጨመርም ከውስጡ የሚቆረጥም አለ። አብዛኛው ተፋላሚ ደግሞ ዕድሜውን የሚጨርሰው ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ክፍያ ነው።

ፐርስ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። «ሾው» የሚባለው ኪሎውን አሟልቶ ወደ ኬጅ (በአጥር ወደታጠረው መፋለሚያ) ለገባ ሁሉ ይከፈላል። «ዊን» ግን ላሸነፈ ብቻ ነው። ለብዙ ዓመታት የጀማሪ ውል «12 እና 12» ሲባል ቆይቷል፦ 12 ሺህ ዶላር ለመግባት፣ ሌላ 12 ሺህ ለማሸነፍ። ሦስት ዙር ሙሉ ተፋልሞ ዳኞች 2 ለ 1 የፈረዱበት ሰው ግማሹን አጣ ማለት ነው።

በምሳሌ እናስላው። በ12 እና 12 ውል በዓመት ሦስት ጊዜ ገብቶ ሁለቱን ያሸነፈ ሰው ከሾው 36 ሺህ፣ ከዊን 24 ሺህ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የዩኤፍሲ የትጥቅ ክፍያ (የስፖንሰሩን ልብስ ለብሶ ለመፋለም የሚሰጥ ገንዘብ) ደረጃ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍልሚያዎች በእያንዳንዱ 4 ሺህ ይጨመርለታል፤ ድምሩ 72 ሺህ ዶላር። አሜሪካ ውስጥ ከተፋለመና የዚያ አገር ነዋሪ ካልሆነ 30 በመቶ፣ ማለትም 21,600 ዶላር፣ ገና ሳይደርሰው በግብር ይቀነሳል። ማናጀሩ 15 በመቶ፣ ጂሙ 10 በመቶ ቢወስዱ ተጨማሪ 18 ሺህ ይወጣል። የቀረው 32,400 ነው። ለእያንዳንዱ ፍልሚያ የስምንት ሳምንት ዝግጅት፣ ከምግብና ከማደሪያ እስከ ፊዚዮቴራፒ፣ 5 ሺህ ቢፈጅ የዓመቱ ትርፍ 17,400 ዶላር ይሆናል። የቤት ኪራይና ቤተሰብ ገና አልተነሱም።

ብዙዎች የሚጎዱት ግብሩ ላይ ነው። 30 በመቶው የሚቆረጠው ወጪ ሳይታሰብ ከጠቅላላው ገቢ ነው። ተፋላሚው በዓመቱ መጨረሻ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ማስታወቂያ አስገብቶ የማናጀር፣ የአሰልጣኝና የጉዞ ወጪውን ሊያስቀንስ፣ በትርፍ የተቆረጠበትንም ሊያስመልስ ይችላል። ደረሰኝ ያልያዘ ግን ምንም አያስመልስም። ነዋሪነቱ ኢትዮጵያ የሆነ ሰው በውጭ ያገኘው ገቢም እዚህ ግብር አለበት፤ ውጭ የከፈለው ስለሚታሰብለት የተቀነሰበትን የሚያሳየው ወረቀት መጥፋት የለበትም።

ኪሎ ሌላው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሚዛኑን ያለፈ ሰው ብዙ ጊዜ የሾውን 20 ወይም 30 በመቶ ይቀጣል፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ለተጋጣሚው ይሰጣል። በተራ ፍልሚያ አንድ ፓውንድ (0.45 ኪሎ ገደማ) ይታለፋል፣ ለሻምፒዮንነት ቀበቶ ሲሆን ግን ምንም አይታለፍም። ቻርልስ ኦሊቬራ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ155 ፓውንድ፣ ማለትም ከ70.3 ኪሎ ገደማ፣ በግማሽ ፓውንድ ብቻ ስላለፈ ሻምፒዮንነቱን ሚዛን ላይ ተነጠቀ። በማግስቱ ጀስቲን ጌጂን በመጀመሪያው ዙር አሸነፈ፤ ቀበቶው ግን ያለ ባለቤት ቀረ። ላስቲክ ለብሶ ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ ላይ መሮጥ ውሃ እንጂ ስብ አይቀንስም። በመጨረሻው ቀን ብዙ ውሃ አስወጥቶ የሚመዘን ሰው ደግሞ ደክሞ ይገባል፤ ዊኑን የሚያጣውም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀበቶ ሲመጣ ምን ይለወጣል? በ2021ዱ ደረጃ የሻምፒዮን የትጥቅ ክፍያ በአንድ ፍልሚያ 42 ሺህ ዶላር ነበር። ትልቁ ገንዘብ ግን ለብዙ ዓመታት የተገኘው ከሽያጭ ድርሻ ነበር፦ ተመልካቹ ፍልሚያውን ለብቻው ከፍሎ ሲገዛ ሻምፒዮኑ ከእያንዳንዱ ግዢ ይደርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በፍርድ ቤት ክርክር ይፋ የወጣው፣ ዩኤፍሲ ለተፋላሚው ኤዲ አልቫሬዝ ያቀረበው ውል አሠራሩን ያሳያል። ከ200 ሺህ እስከ 400 ሺህ ላለው ግዢ በእያንዳንዱ 1 ዶላር፣ እስከ 600 ሺህ ላለው 2 ዶላር፣ ከዚያ በላይ 2.50 ዶላር። ፍልሚያው 500 ሺህ ቢሸጥ 400 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል፤ 190 ሺህ ቢሸጥ ምንም። ዩኤፍሲ ከአሜሪካው የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያ ፓራማውንት ጋር የ7 ዓመት፣ የ7.7 ቢሊዮን ዶላር የስርጭት ውል ስለፈረመ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ይህ የተናጠል ሽያጭ ቀርቷል። ስለዚህ አዲስ ውል የሚፈርም ሁሉ ድርሻው በምን እንደተተካ መጠየቅ አለበት።

ቀበቶ ያስራልም። ሻምፒዮን እያለ ውሉ የሚያልቅበት ሰው ውሉ እንዲራዘም የሚያስገድድ አንቀጽ አለ። ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን ሲከላከል ይፋ የሆነው ክፍያው 600 ሺህ ዶላር ነበር። ከዚያ አዲስ ውል ሳይፈርም ቆየ፤ በ2023 መጀመሪያ ቀበቶውን ትቶ ወጣ። በዚያው ዓመት ሪያድ ላይ ከታይሰን ፉሪ ጋር በቦክስ ሲገጥም ያገኘው ክፍያ ከዚያ ከ600 ሺው እጅግ ይበልጥ ነበር። ትዕግሥቱ ሊደነቅ ይገባል፤ ግን ያለ ፍልሚያ፣ ያለ ፐርስ ዓመት መቆየት የሚችል ጥቂት ነው።

ክፍያው ዝቅ የሚልበት ዋና ምክንያት የመደራደር አቅም ማጣት ነው። የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ተጫዋቾች ማኅበር ስላላቸው ከሊጉ ገቢ ግማሽ ያህሉ ይደርሳቸዋል። የኤምኤምኤ ተፋላሚዎች ግን አንድ በአንድ ይፈርማሉ፤ በዩኤፍሲ ላይ በቀረበው ክስ የወጡ ሰነዶች የተፋላሚዎች ድርሻ ከገቢው 20 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች እንደነበር አሳይተዋል። ክሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፍቶ በ2025 በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

ከሐዋሳ ተነስቶ የመጀመሪያ ውሉን ለሚፈርም ልጅ ከሾውና ከዊን ቁጥር በፊት መነበብ ያለባቸው ሌሎች መስመሮች ናቸው፦ ስንት ፍልሚያ በስንት ወር ውስጥ እንደሚሰጠው፣ በልምምድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት መድን መኖሩ፣ ለአሰልጣኙ ቲኬት የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ተጋጣሚው ቢቀር ሾው መከፈሉ። የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የደም ምርመራ፣ የዓይን ምርመራና እንደየኮሚሽኑ (ፍልሚያውን የሚቆጣጠረውና ፈቃድ የሚሰጠው አካል) የአንጎል ኤምአርአይ ወጪም በማን ላይ እንደሆነ በጽሑፍ ይግባ። ውጤቶቹ የሚያገለግሉበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ከፍልሚያው ቀን ጋር ይመሳከሩ፤ አንዱ ቢያልፍበት ኮሚሽኑ ፈቃድ አይሰጥም፣ ያለ ፈቃድ ደግሞ ሾውም የለም።